መኪና ግርግር

ከፈረስ መጋላ ወደ ታች፣ ትከሻ ለትከሻ በሚያጋፋው መንገድ፣
ሱሪ ሲያጥር ሲረዝም፣ አቡጀዲ ሲቀደድ፣
ስሙን የሰጠው ድምፁ ነው፦ መኪና ግርግር!
አቅጣጫው የጠፋው እንግዳ ጆሮውን ይከተል እንጂ አይቸገር።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ደፍ ላይ ተቀምጬ፣
አንዱን ጆሮዬን ለዚህ ሲንጀር ሸጬ፣
ሚስቴ ሦስቴ ጠርታኝ ባራተኛው "አቤት" የምል፣
ማታ ተኝቼም ግርግሩ ራሴ ውስጥ የሚንከባለል፣
እንዲህ ያልኩ ሰው ነኝ፤ ስለ መስማት ያለኝ እውቀት ይህችው ናት።

አንድ ሰኞ እናቷ ረምላን አመጣቻት።
"አትሰማም" አለች፣ ዓይኗን ከደፉ ሳታነሳ፣
"ቦታና መኪና ብቻ ስጣት፤ አስተማሪዋን ይዛለች እሷ፣"
ብላ ታብሌት መዘዘች ከፌስታል።
ሳቅኩ። አስተማሪ በፌስታል!

ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ጎልማሳ ከመስተዋቱ ብቅ አለ፤
አፉን ሳይከፍት በጣቶቹ ክር አንጠለጠለ፤
ክርም የለ፣ መርፌም የለ፣
አየሩን ቀዶ፣ አየሩን ሰፍቶ፣ እጅጌ ገልብጦ አሳያት፤
ረምላ ያንኑ በካኪ ቁራጭ ደገመችለት።
ስትሳሳት ወደ ኋላ ትመልሰዋለች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥራ አንዴ፤
አይቆጣም። እኔ ስማር ግን ስህተት የሚታረመው
በሜትር እንጨት ነበር፣ በክንዴ።

ኮሌታ ተማረች። ኪስ ተማረች። ዚፕ ላይ ስትደርስ፣
ኔትወርኩ ሄደ። ሰውዬው እጁን እንዳነሳ ቀረ፤
ግንባሩ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች።
ረምላ ጨርቋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።
አሥር ሰዓት አለፈ። እጁ አሁንም አየር ላይ።

"ነይ እስኪ እኔ ላሳይሽ" አልኳት።
ዞር አላለችም። ጮክ አልኩ፤ ደግሞ ጮኽኩባት!
ከማዶ አብዱረዛቅ "ማንን ትጠራለህ በቀን፣ ጅብ ነው?" አለ።
መንገዱ ሳቀ፤ ለሳቁ ሲባል ግርግሩ ዝም አለ።
እሷ አልሳቀችም። ከየት ሰምታ።

ወንበሬን ሳብኩ፤ ዚፑን ከጨርቁ ላይ አስተኝቼ፣
ሰፋሁት በአንድ ትንፋሽ፣ እሷን ረስቼ።
አንጓዬን ያዘችና በጣቷ ጠየቀች፦
ከዚህ በፊት ምን? ከዚህስ በኋላ?
እጄን አየሁት። እጄ ያውቃል፤ ግን እንዴት እንደሚያውቅ
አንዲት ቃል አይወጣውም፣ ቢለመን ቢጨነቅ።
ያን ቀን ከደፉ ላይ ዲዳው እኔ ሆንኩ፣ በሁለት እጄ።

አልፈረደችብኝም። ታብሌቱን ወደ ላይ ገፋች፣ ገፋች፣
ኔትወርክ የማይጠይቀው የመጀመሪያው ትምህርት ላይ ደረሰች፣
"ክር"፣ "መርፌ"፣ "ጨርቅ"፤
መስተዋቱን ወደ እኔ አዞረች።

ስልሳ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ
ሀ ሁ በጣት ጀመርኩ። ደንበኛ ይስቃል፣ ልጄ ይታዘበኛል።
ማክሰኞ "ክር" ልል ትንሿን ጣቴን አጥፌ፣
ምን እንዳልኩ እንጃ፣ ብቻ ከባድ ነገር ነበር፣ ከወግ ያለፈ፤
ረምላ ሳቀች።
ድምፅ አለው ሳቋ! ሻካራ ነው፣ አዲስ አቡጀዲ ሲቀደድ፤
ከላይ እስከ ታች ሰማው መንገድ።
እሷ ብቻ ነች የማታውቀው።

በማግስቱ ኔትወርኩ ሲመጣ ሰውዬው እጁን አወረደ፤
የጀመረውን ጨርሶ ሄደ።
ዚፑ ግን ተሰፍቷል፤ ከፍታ ዘጋችለት።

ትናንት በተሰባበረ ጣቴ ጠየቅኳት፦
ይህን መንገድ እናንተ ምን ትሉታላችሁ?
አሰበች። መዳፏን ሲንጀሩ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች፣
በዓይኗ "ርገጥ" አለችኝ።
ረገጥኩ። ግር፣ ግር፣ ግር፤ እንጨቱ ነዘረ፤
መዳፏም አብሮ ነዘረ።
ከዚያ ከእንጨቱ አነሳችው፣ ንዝረቱን ሳታፈስ፣ እንደያዘ፣
ደረቷ ፊት አቆመችው። ይሄ ነው፣ አለች፣ ስሙ።

እኔም መዳፌን ዘርግቼ ደገምኩት፣ እየተንቀጠቀጥኩ።
ራሷን ነቀነቀች፦
ቀስ። እጅህ በጣም ይጮኻል።